በጠዋት የተደወሉ ዐሥር ደወሎች

ጉንጂን ሞቶ ያገኘው ጎንዶ ነው። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ለልምምድ መጥቶ የመጋዘኑን በር ሲከፍት፣ ሽማግሌው በገመድ በታጠረው የመፋለሚያ ሪንግ መካከል በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ጥቁር የውድድር ቁምጣውን ለብሷል፤ እስከ ጉልበቱ የሚደርሰው ቦት ጫማው በወጉ ታስሯል። ጎንዶ የሚያላግጥበት መሰለው። «ጋሼ፣ ይነሡ እንጂ! በዚህ ብርድ ይተኛል እንዴ?» አለ። ሁለተኛ ከተጣራ በኋላ ግን ወደ ሪንጉ ሮጠ።

ጉንጂ ሠላሳ ስምንት ዓመት በሬስሊንግ ትግል የኖረ፣ ስድሳ አንድ ዓመት ሞልቶትም ቅዳሜ ቅዳሜ ሪንግ ላይ የሚወጣ የጃፓኗ የሃቺኖሄ ከተማ ሰው ነበር። የሚለማመዱበት ቤት ድሮ የዓሣ መጋዘን ስለነበር ዝናብ ሲጥል ሽታው ይመለሳል። ክረምት ላይ ደግሞ ቅዝቃዜው ሲበረታ የሪንጉ ገመዶች ማንም ሳይነካቸው ሲጢጥ ይላሉ። እኔ በሙታን መንፈስ አላምንም፤ በዚያ በር ሳልፍ ግን እርምጃዬን አፈጥናለሁ።

ፖሊስ ሺራቶ ነገሩን በዐሥር ደቂቃ ጨረሰው። ሽማግሌው ብቻውን መውደቅ ሲለማመድ አንገቱ ተሰበረ፤ በቃ። ከተማውም ተስማማ። ሐኪም እንዲያቆም ካስጠነቀቀው ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ሚስቱም ለምናው ነበር፣ እሱ ግን እንቢ ብሏል። ሰው እንዲህ ሲሞት ሁሉም «ብዬ ነበር» ማለት ይወዳል።

ያልተስማማችው ሚስቱ ፉሚኤ ብቻ ነበረች። ፖሊስ ጣቢያ ገብታ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ብትለመንም አልነሣ አለች። በመጨረሻ ወደ ኢንስፔክተር ናሩሚ ቢሮ አስገቧት። ናሩሚ አጭር፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ በጋም ሆነ ክረምት የሚበርዳት ሴት ናት። በሁለት ሻርፕ ተጠቅልላ የማይረቡ የሚመስሉ ጥያቄዎች በመጠየቅ ትታወቃለች። ባልደረቦቿ ይስቁባታል፤ ስታሳስር ግን አይስቁም።

«ምን ላድርግልዎ፣ እትዬ ፉሚኤ?»

«ዋሽቶኝ እንደሆነ ይንገሩኝ።»

«ማን? ባለቤትዎ?»

«ትናንት እጄን ይዞ ‘በቃኝ፤ ከነገ ጀምሮ ማናጀር ነኝ’ አለኝ። ዛሬ ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አዲሱን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሶ ‘ዕቃዬን ሰብስቤ እመለሳለሁ’ ብሎ ወጣ። ከዚያ በቁምጣና በቦት ጫማ ሞተ አሉኝ።» ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። «ሠላሳ ዓመት ለምኜዋለሁ። አታሎኝ ለመጨረሻ ጊዜ ሊንከባለል ከሆነ የሄደው፣ ልወቀው። አሁን ልቀብረው ነው፤ ተናድጄ ልቅበረው ወይስ አዝኜ፣ አላውቅም።»

ናሩሚ ሻርፗን አጠበቀች። በሥራ ዘመኗ ገዳይ ፈልጉልኝ የሚሉ ብዙ መጥተውባታል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የመጣ ግን አልነበረም፤ አንጀቷን በላው።

መጀመሪያ የሄደችው ሆስፒታል ነው። የአስከሬኑ ጫማ ገና አልወለቀም ነበር። ናሩሚ ራሷ ተንበርክካ ማሰሪያውን ከዐሥራ አራቱም ቀዳዳ እየመዘዘች ፈታችው። ጫማው ሲወልቅ ከውስጥ የወጣው ቀጭን፣ ጥቁር፣ አዲስ የቢሮ ካልሲ ነው፤ አንደኛው ተረከዝ ላይ ተጨማድዷል።

«በአንገቱ ላይ ያለው ሰምበርስ?» አለች ሐኪሙን።

«ይሄ ሬስለር እኮ ነው፣ ኢንስፔክተር። ሰምበር የሌለበት ቀን የለም።»

«የቅዳሜው ብጫ ሆኗል፤ ይሄ ግን ገና ቀይ ነው።»

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየና ጆሮው ቀላ። በቀኝ መንጋጋው ሥር የሰው ክንድ አጥንት የመሰለ ረጅም ሰምበር አለ። ግራ ጆሮው ደግሞ ከልብስ ጋር እንደታሸ ተልጧል። «አንድ ሰው ጭንቅላቱን በቀኝ ብብቱ ሥር አንቆ ይዞታል» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ። «በሕይወት እያለ።»

ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ደረቅ ዓሣ የሚሸጡ እማማ ኪሳ የሚባሉ አሮጊት አሉ። ናሩሚ ዓሣ ልትገዛ የገባች መስላ ነው የጠየቀቻቸው።

«ዛሬ ጠዋት የሰሙት ነገር አለ፣ እማማ?»

አሮጊቷ በሩን ዘጉ። «ደወል። የሪንጉን ደወል። አንድ ሰዓት አለፍ እንዳለ ነው። ቀስ እያለ፣ ዐሥር ጊዜ። ቆጠርኩት። ዐሥር የሰማሁት ያ ከጃፓን ባሕር ወዲያ የመጣው ልጅ ሪንግ ላይ የሞተ ጊዜ ነው፤ ሃያ ዓመት ይሆነዋል። እሱ መጥቶ ደወለ ብዬ ለቅርጫቴ እንኳ ሳላስብ ወደ ጓዳ ሮጥኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጉንጂ ሞተ ሲሉ ሰማሁ። ልጁ ነው የጠራው። በዚህ ዕድሜ እዚያ ላይ ምን ይሠራል? ሙታን ቦታቸውን ሲወስዱባቸው አይወዱም።»

ናሩሚ በመናፍስት ላይ አልተከራከረችም። የገዛችውን ዓሣ እያኘከች መንገዱን ተሻገረች።

በመጋዘኑ ቢሮ ሦስት ሰዎች ይጠብቋታል፤ ከጉንጂ ሌላ የበሩ ቁልፍ ያላቸውም እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። ሦስቱም በማለዳው ቤታቸው ብቻቸውን ተኝተው እንደነበር ተናገሩ። ሞሪዋኪ የተፋላሚዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነው፤ ድሮ ተፋላሚ ነበር፣ አሁን ሆዱ ቀበቶውን አልፎ ወጥቷል። ጎንዶ የሠላሳ አራት ዓመት ጎልማሳና የማኅበሩ ኮከብ ነው። ሦስተኛው ቶኩዞ ይባላል፤ ሃያ ዓመት በሁለት ለሁለት ግጥሚያ የጉንጂ ጥንድ ሆኖ የተፋለመ፣ ጉልበቱ ሲበላሽበት ከስድስት ዓመት በፊት ማናጀር የሆነ ሰው። ማናጀር ማለት ሙሉ ልብስ ለብሶ በሪንጉ ዳር የሚቆም፣ ለተፋላሚው የሚናገርለት፣ ተቃራኒውን የሚሳደብለት ነው። አይመታም፤ አይመታምና አይጨበጨብለትም።

«ጉንጂ ሊያቆሙ እንደነበር የሚያውቅ ነበር?» አለች ናሩሚ።

«እኔ ነኛ!» አለ ሞሪዋኪ። «በሦስት ሰዓት መጥቶ ሊፈርም ነበር። ስንት ወር አባብዬው መሰለሽ? አንድ ቅዳሜ ሪንግ ላይ ይሞትብኛል እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ሽማግሌ ተፋላሚ ያለ ፍሬን የሚሄድ መኪና ነው፤ ተሳፋሪው ያጨበጭባል፣ ሾፌሩ ይንቀጠቀጣል።»

«እኔ አልሰማሁም» አለ ጎንዶ። «የሚቀጥለው ቅዳሜ ከእኔ ጋር ነበር ውድድሩ። ሰው ሁሉ ‘ሽማግሌውን ገላግለው፣ ቦታውን ውሰድ’ ይለኛል። እኔ ግን እንዲያቆሙ አልፈለግሁም። ጋሼ ጉንጂ ሲያነሡኝ እንደ ሕፃን ነበር የማምናቸው። ከሦስት ሳምንት በፊት በጭንቅላታቸው የጣልኳቸው እኔ ነኝ። አንገታቸውን ያደከምኩት እኔ ነኝ…» ብሎ እንደ ልጅ ማልቀስ ጀመረ።

ቶኩዞ በከዘራው ተደግፎ ተነሣ። «ና ወዲህ፣ አንተ ሞኝ» ብሎ የጎንዶን ጭንቅላት ወደ ብብቱ ሊያስገባ ክንዱን ዘረጋ። ጎንዶም ሊደገፍበት አዘነበለ። ነገር ግን አንዱ ወዲህ ሲል ሌላው ወዲያ ሆኖ ግንባርና ትከሻ ተጋጩ። ቶኩዞ «ይቅርታ» ብሎ በሌላው ጎን አቀፈው። ናሩሚ ይህን አየች፤ ለምን እንደከነከናት ግን ያን ጊዜ አላወቀችም።

«እርስዎስ፣ አቶ ቶኩዞ? ጓደኛዎ ቢያቆሙ ይሻል ነበር?»

ቶኩዞ ፈገግ አለ። «ስድስት ዓመት ማናጀር ነኝ። ሰው ‘ተረፈ’ ይለኛል። ጉልበቴ ነው የተረፈው። ሕዝቡ ሲጮህ ፊቴን አዞራለሁ፤ የሚጮኸው ግን ለእኔ አይደለም። ከዚያ ቤቴ እገባለሁ፣ መብራት አጠፋለሁ፣ ጩኸቱ ጆሮዬ ውስጥ ይቀጥላል። በስሜ ይጠሩኛል። ተነሥቼ መስኮት ከፍቼ አውቃለሁ፣ ኢንስፔክተር። ውጭ ማንም የለም።»

«ስለዚህ ቢቀጥሉ ይሻል ነበር።»

«እንደተፋላሚ ሞተ። ደግ አደረገ» አለና ተቀመጠ።

ናሩሚ ስለ ደወሉ ነገረቻቸው። ሞሪዋኪ ነው የመለሰላት። «ዐሥር ደወል የሚደወለው ለሞተ ተፋላሚ ነው። ወይም ጨርሶ ላቆመ።» ከዚያ ፊቱ ገረጣ። «እግዚኦ! ለራሱ ደውሎ ይሆናል! ሊያቆም መጣ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ለበሰ፣ ለራሱ ዐሥር ደወለ፣ አንዴ ልውደቅ ብሎ ወጣ…»

ፖሊስ ሺራቶ በዚህ ሐሳብ በጣም ተደሰተ። ከተማውም ሳይመሽ ተቀበለው፤ ያምራላ። ሰውየው ለገዛ ሞቱ ደወለ ተባለ። ፉሚኤ ግን ወሬው ሲደርሳት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እሷን በር ላይ እየሳመ፣ ልቡ ውስጥ ግን ጫማውን እያሰረ ነበር ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ናሩሚ ልምምድ ልታይ መጣች። ማንም ሪንጉ ላይ መውጣት ስላልፈለገ ወለሉ ላይ ፍራሽ አንጥፈዋል። አራት ጎልማሶች ተራ በተራ ይያያዛሉ፤ አንዱ የሌላውን ጭንቅላት በብብቱ ሥር አንቆ ይይዛል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይይዛል። ናሩሚ ግማሽ ሰዓት ካየች በኋላ ጎንዶን ጠራችው።

«ሁላችሁም ግራኞች ናችሁ እንዴ?»

ጎንዶ ሳቀ፤ ጉንጂ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። «ኧረ አይደለንም። ራሴ የምጽፈው በቀኝ ነው። ጭንቅላት ግን ሁሌ በግራ ክንድ ነው የሚያዘው። ከመጀመሪያው ቀን እንደዚያ ነው የምንማረው። የሚይዘው በግራ እንደሚመጣ የሚያዘው ካወቀ ሰውነቱ ሳያስብ ይሄድለታል። ጎኑ ከተሳሳተ አንገት ይሰበራል።»

«በቀኝ የሚይዝ የለም?»

«እዚህ? የለም። ሜክሲኮዎች ብቻ ናቸው ሁሉን ነገር ገልብጠው በቀኝ የሚያደርጉት።»

ናሩሚ ግንባርና ትከሻ የተጋጩበት ቅጽበት ትዝ አላት። «አመሰግናለሁ» ብላ ሁሉንም ለመጥራት ስልኳን አወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በሪንጉ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ፉሚኤ ጥቁር ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች። ሞሪዋኪ ላቡን ይጠርጋል፤ ጎንዶ ቆሟል፤ ቶኩዞ ሁለት እጁን ከዘራው ላይ አድርጓል። ሺራቶ በሩ ላይ ነው። ገመዶቹ በብርዱ ሲጢጥ ሲሉ ሁሉም ቀና ብለው አዩ።

«በመጀመሪያ ለእትዬ ፉሚኤ ነው የምናገረው» አለች ናሩሚ። «ለባለቤትዎ ቦት ጫማውን ያደረገላቸው ሌላ ሰው ነው።»

ፉሚኤ አንገቷን ቀና አደረገች።

«ከጫማው ውስጥ ያገኘሁት የቢሮ ካልሲ ነው። ጎንዶ፣ አንተ በቀጭን ካልሲ ይህን ጫማ ታጠብቃለህ?»

«ዐሥር ደቂቃ አልቆይበትም፤ እግሬ ይላጣል።»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ጫማ ያሰረ ሰው ይህን አይስትም። ስለዚህ ለራሳቸው ለብሰው፣ ለራሳቸው ደውለው፣ ወድቀው ሞቱ የሚለው ቀረ። ሌላ ሰው ያለበሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ለምን? አደጋ ለማስመሰል እንበል። ታዲያ ደወሉ ምን አመጣው? አደጋ ያስመሰለ ሰው ድምፁን አጥፍቶ ይወጣል። ይህ ሰው ግን ጎረቤት እንደሚሰማ እያወቀ ዐሥሩንም ቀስ ብሎ ደወለ። ሟቹን ያለ ደወል ሊሸኝ አልቻለም። ያን ጊዜ ጠላት መፈለጌን ተውኩ። የሚወደውን ሰው መፈለግ ጀመርኩ።»

«ሁላችንም እንወደው ነበር» አለ ሞሪዋኪ።

«አዎ። ለዚህ ነው የተቸገርኩት። ሐኪሙ ግን አንድ ነገር ነገረኝ፤ የያዛቸው ክንድ ቀኝ ነው። ለፖሊስ ይህ ምንም አይደለም፤ አብዛኛው ሰው የሚሠራው በቀኙ ነው። እናንተ ቤት ግን በቀኝ የሚይዝ ሰው የለም። እርስዎም፣ ጎንዶም፣ ሁላችሁም በቀኝ እየጻፋችሁ በግራ ትይዛላችሁ። አቶ ሞሪዋኪ፣ ከመካከላችሁ በሜክሲኮ የተማረ አለ?»

ሞሪዋኪ አፉን ከፍቶ ዘጋው። ዐይኑ ሳይፈልግ ወደ ቶኩዞ ሄደ።

«አራት ዓመት» አለ ቶኩዞ ራሱ። «ገና በሃያ ዓመቴ። እዚያ ነው የተሠራሁት። ስመለስ ጉንጂ ነው አንድ ዓመት ሙሉ ያቃናኝ። ‘ግራ፣ አንተ ደንቆሮ፣ ግራ!’ እያለ።»

«ትናንት ጎንዶን ሲያባብሉ ቀኝዎ ነው የቀደመው» አለች ናሩሚ። ድምጿ ዝቅ አለ። «ሰው ልቡ ሲነካ እጁ ወደ መጀመሪያው ትምህርቱ ይመለሳል።»

ጎንዶ «ጋሼ፣ አይደለም በሏት» አለ።

ቶኩዞ ከዘራውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «ጠዋት እዚህ የመጣሁት ጉልበቴን ላሠራ ነው፤ በየቀኑ ተደብቄ እመጣ ነበር። ጉንጂ ቃል ገብቶልኝ ነበር። በጸደይ ወራት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ ድሮው ሁለታችን አብረን እንወጣለን ብሎኝ። ስድስት ዓመት በዚያ ቃል ነው የኖርኩት። ያን ግራጫ ልብስ ለብሶ ሲገባ ገባኝ። ማናጀር ልሆን ነው አለኝ። እኔ ሞቼ የምኖርበት ቦታ ሊገባ ነው፤ እሱ ግን ደስ ብሎታል! ‘ና ውጣ፣ አንዴ እንያያዝ፣ ሰውነትህ አላቆምም ይልሃል’ ብዬ ጎተትኩት። እየሳቀ ወጣልኝ። ያዝኩት። ተናድጄ ነበር። ልገድለው ግን… ሰውነቱን ሰጠኝ፣ ኢንስፔክተር። እንደ ሁልጊዜው በግራ እመጣለሁ ብሎ ወደዚያ ለቀቀልኝ። እኔ በቀኝ ነበርኩ። አንገቱ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት።»

«ከዚያ አለበሷቸው።»

«በዚያ ልብስ ልተወው አልቻልኩም። ካልሲውንም ላወልቅ ሞከርኩ። እግሩ ገና ይሞቅ ነበር። ተውኩት።»

ሞሪዋኪ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሺራቶ ከበሩ መጣና ከቶኩዞ ጎን ቆመ፤ ክንዱን ግን ወዲያው አልያዘውም። ናሩሚ ሥራዋ አልቋል፤ ሆኖም አልተንቀሳቀሰችም፣ ፉሚኤን ነበር የምታየው።

ፉሚኤ ተነሥታ ቶኩዞ ፊት ቆመች። ሁሉም በጥፊ የምትመታው መሰላቸው።

«ለምን እንደሚያቆም ነገረህ?» አለችው።

ቶኩዞ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «ነገረኝ።»

«ምን አለ?»

«‘ከፉሚኤ ጋር ማርጀት እፈልጋለሁ’ አለኝ። እኔም ‘ከእኔ ጋር አርጅተህ ጨርሰሃል፣ ለእሷ ምን ተረፈህ?’ አልኩት። ያን ጊዜ ነው የሳቀው።»

ፉሚኤ አንድ እርምጃ ቀረበችው። ጉንጂ ሠላሳ ዓመት አብሯት ሲኖር እንዲህ ያለ ነገር አንድም ቀን ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እንባዋ ያን ጊዜ መጣ፣ አልጠረገችውም። ሺራቶ የቶኩዞን ክንድ ሲይዝ «ቆይ፣ አንዴ» ብላ አስቆመችው።

«እስቲ ድገመው» አለችው ቶኩዞን።

ቶኩዞም ደገመላት።